ወደ ቤት የሚያስገባው መታጠፊያ

ሥራ ያቆምኩት በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ ጡረታ የሽማግሌ ነው ይለኛል። የቀኝ እጄ አንጓ ግን ዕድሜዬን አልጠየቀም። ጎማ ሲያነሳ፣ ብሎን ሲፈታና ሲያጠብቅ ኖሮ አንድ ቀን ጠዋት የሻይ ብርጭቆ መያዝ አቃተው። ሐኪሙ ከእንግዲህ መፍቻ እንዳልነካ አስጠነቀቀኝ። አሁን ፉሪ ዳገቱ ላይ ደብተርና እስክርቢቶ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ገበያ ሲቀዘቅዝ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ከታች በአስፋልቱ የሚያልፉትን መኪኖች በድምፃቸው እለያለሁ፤ ይህኛው ነፋስ ጎድሎታል፣ ያኛው ጎማውን በአንድ ጎኑ እየበላ ነው እላለሁ ለራሴ። ከዚያ ድምፁ ይርቃል፣ ሱቁም ይርቃል። ራሴን ጭጋግ ውስጥ፣ ባሕር ዛፍ መሀል፣ ወደ ሱሉልታ በሚወስደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ አገኘዋለሁ።

ሥራ የጀመርኩት ሰበታ፣ ጅማ መንገድ ዳር፣ አቶ ግርማ የሚባሉ ጎረቤታችን ጎሚስታ ቤት ነው። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ቤት ተቀምጬ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምደበቅ ልጅ ስለነበርኩ እናቴ ሱቅ ልታስቀጥረኝ አልደፈረችም። አቶ ግርማ ናቸው «እኔ ጋ ትምጣ፤ ጎማ አያናግራትም» ያሏት። የመጀመሪያ ሥራዬ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ካላማዳሪውን፣ ነፍቼ በግማሽ በርሜል ውሃ ውስጥ እየነከርኩ ቀዳዳውን መፈለግ ነበር። ለዓይን አፋር ሰው ከዚህ የተሻለ ሥራ ያለ አይመስለኝም። ጎንበስ ብዬ ውሃውን አያለሁ። ጥቁሩ ላስቲክ ከውሃው ሥር ቀስ ብሎ ሲዞር ከአንድ ቦታ ከጤፍ ያነሱ አረፋዎች ተከታትለው ይወጣሉ። ቀዳዳውን ካገኘሁት በኋላም ዝም ብዬ አያቸው ነበር።

«አገኘሽው ወይስ እየጸለይሽ ነው?» ይሉኝ ነበር አቶ ግርማ።

የጭነት መኪና ጎማ ከቸርኬው ማላቀቅ፣ መለጠፍ፣ መንፋት እዚያ ተማርኩ። ክፍያው ለትራንስፖርትና ለምሳ ይበቃ ነበር። አቶ ግርማ ቤቱን ዘግተው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ቡራዩ ላለ ወዳጃቸው ደውለው «አንዲት ዝምተኛ ልጅ ልላክልህ» አሉ። ያ ወዳጃቸው ኦቦ ዋቅጅራ ናቸው።

የኦቦ ዋቅጅራ ጋራዥ ከቡራዩ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። የሱሉልታ ገበሬ ልጅ ናቸው። በወጣትነታቸው የጭነት መኪና ነድተዋል፤ ሲደክማቸው ጋራዥ ከፈቱ። ሞተር አይነኩም። እሳቸው የሚያውቁት የመኪና እግር ነው፤ ጎማ፣ አሞርዛተር፣ መሪና ፍሬን። አማርኛ የሚናገሩት በኦሮምኛ ዜማ ነው፤ አንዳንዱ ቃል ግማሹ አፋቸው ውስጥ ይቀራል። ሲበሳጩ ኦሮምኛ፣ ሲቀልዱ አማርኛ፣ መኪና ሲያዳምጡ ደግሞ ምንም አይናገሩም።

መኪና ሲገባ መጀመሪያ ባለቤቱን አያናግሩም። ጎማውን ነው የሚያዩት፤ የሰው ጫማ ሶል እንደሚያይ ሊስትሮ። ሰው ተረከዙን ይበላል ወይስ ጣቱን፣ ወደ ውስጥ ይረግጣል ወይስ ወደ ውጭ፣ ጫማው ይናገራል። ከዚያ ጠመኔ አውጥተው ከጎማው ጠርዝ እስከ ጠርዙ ያሰምራሉ። መኪናው ትንሽ ይነዳና ይመለሳል። ጠመኔው መሀሉ ላይ ብቻ ከጠፋ ነፋሱ በዝቷል፤ ዳርና ዳሩ ከጠፋ ጎድሏል፤ በአንድ ወገን ብቻ ከጠፋ ጎማው በትክክል አልቆመም። ቀጥሎ መዳፋቸውን ጎማው ላይ ያሳርፉና ሙቀቱን ይለካሉ። እኔንም እንዲህ አስተማሩኝ። እጄን በእጃቸው ይዘው ከውጭ ጠርዝ ወደ ውስጥ ጠርዝ ይወስዱታል። «የትኛው ይሞቃል?» ይሉኛል። መጀመሪያ ሁሉም አንድ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ግን ልዩነቱ ሌሊት ጤዛ እንደያዘ ድንጋይና ፀሐይ እንደመታው ድንጋይ ግልጽ ሆነልኝ።

በዚያ ጋራዥ አንድ የማይሻር ሕግ ነበር። እኛ ሠራተኞቹ ጎማ ስንገጥም ብሎኖቹን በእጃችን እናስገባለን። ክሪኩ ወርዶ ጎማው መሬት ከነካ በኋላ በመፍቻ የሚያጠብቁት ግን ኦቦ ብቻ ናቸው። የመጨረሻው ማጥበቅ የጌታው ነው ይሉ ነበር። እኛ መፍቻውን እናቀብላለን፣ ቆመን እንጠብቃለን። ዓይናቸውን ጨፍነው ከአንዱ ብሎን ወደ ተቃራኒው እየተሻገሩ ሲያጠብቁ ግቢው ጸጥ ይል ነበር።

እሑድ ጠዋት ጠዋት የሠሩትን መኪና ለመሞከር ወደ ሱሉልታ ይወጣሉ፤ እኔን ጎናቸው ያስቀምጡኛል። ያን ጊዜ ጭጋጉ ገና ከዛፎቹ አልተነሣም። መንገዱ ከፊታችን ጥቂት ብቻ ይታያል፣ ከዚያ ነጭ ይሆናል። ኦቦ አይቸኩሉም። መታጠፊያው ከመድረሱ በፊት፣ መኪናው ገና ቀጥ ብሎ ሳለ ፍሬን ይይዛሉ። ከዚያ ይለቃሉ። መሪውን ሲያዞሩ የመኪናው ክብደት ቀስ ብሎ ወደ ውጪኛው ጎማ ይሄዳል፤ በመቀመጫዬ በኩል ሲሄድ ይሰማኛል፣ ማድጋ ውስጥ ውሃ ሲያጋድል እንደሚሰማው። እዚያ ላይ ነዳጅ አይሰጡም፣ ፍሬን አይነኩም፤ ክብደቱ እስኪረጋ ይታገሳሉ። ሲረጋ ብቻ እግራቸው ይወርዳል፣ መኪናውም ራሱ ከመታጠፊያው የሚያወጣን ይመስላል። አንዱ አልቆ ሌላው ይመጣል። ባሕር ዛፉ በአንድ ወገን ዘንበል ይልና በሌላው ይቀናል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ጠማማ ማለት ስድብ ነው ብዬ የማውቅ ሰው መንገድ ሲጠማዘዝ እንዲህ ደስ ይላል ብዬ አላስብም ነበር። ሱሉልታ ደርሰን ስንቆም ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው ዙሪያዬን አያለሁ።

«አየሽ?» ይሉኛል።

«አየሁ» እላለሁ። ከዚህ ሌላ አናወራም።

ጋራዡን የቀጥታ ልጆች ያገኙት በኋላ ነው። ዝቅ ያሉ፣ ጭስ ማውጫቸው የሚያገሳ ስፖርት መኪኖች ይዘው ይመጣሉ። ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ ሁለት ሁለት ሆነው ማን ቀድሞ እንደሚደርስ መወዳደር ነው ፍቅራቸው። የእነሱ አለቃ ሳሚ ነበር፤ የቡራዩ ልጅ፣ የእንጨት ሥራ ቤት ያለው፣ ቀይ ባለ ሁለት በር አሮጌ መኪና የሚነዳ። ስሜን ጠየቀኝ፤ ፍሬሕይወት አልኩት፤ ከዚያ ወዲያ ቃል ስላልወጣኝ ወዲያው ስም አወጣልኝ።

«ፍሬን ነው የምንልሽ። ወሬ ሁሉ አንቺ ጋ ሲደርስ ይቆማል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለልጆቹ ሁሉ ፍሬን ሆንኩ። አልከፋኝም። ጋራዡ ውስጥ ጭቅጭቁ የማያልቅ ነበር። እነሱ ኦቦን የመታጠፊያ ሽማግሌ እያሉ ይነካኳቸዋል፤ ኦቦ ደግሞ ቀጥታ ላይ የሚሮጠው ፈረሱ ነው፣ መታጠፊያ ላይ ግን ጋላቢው ይታያል ይሏቸዋል። ልጆቹ ይስቃሉ። ሳሚ ብቻ አንድ ቀን ሳይስቅ መለሰላቸው። ቀጥታ ላይ ሲለቅ ስለ ምንም እንደማያስብ ነገራቸው፤ ስለ ደንበኛ፣ ስለ ኪራይ፣ ስለ ታመመው አባቱ። መሬቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ እሱ ደግሞ ባዶ ይሆናል። «እርስዎ መታጠፊያ ላይ የሚያገኙት ይሄንኑ አይደለም እንዴ?» አላቸው። ኦቦ ጺማቸውን እያሻሹ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እኔ በልቤ ሁለቱም ልክ ናቸው አልኩ።

አንድ ዝናብ ባቆመ ሰሞን ሱሉልታ ሜዳ ላይ ገና ለመኪና ያልተከፈተ አዲስ መንገድ ላይ፣ ተፈቅዶና ታጥሮ፣ ትራፊኮች ባሉበት የቀጥታ ውድድር ተዘጋጀ። ሳሚ መኪናዋን ለቀጥታ እንድናዘጋጅለት መጣ። ለቀጥታ የኋላ ጎማው ሰፊና ለስላሳ ይሆናል፤ መሬቱን እንዲነክስ ነፋሱ ይቀነሳል። እንዲህ ያለ ጎማ መታጠፊያ ላይ ይዋልላል፣ እንደ ሰካራም። ኦቦ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ጠየቁት።

«ቤትህ የት ነው?»

«ቡራዩ ነዋ ኦቦ። ያውቁታል እኮ።»

«ውድድሩስ?»

«ሱሉልታ።»

«መሀሉ ላይ ምን አለ?»

ሳሚ ሳቀ። «ተራራ አለ።»

«ሜዳው ያሸልምሃል። ወደ ቤት የሚያስገባህ ግን መታጠፊያው ነው።»

ስለዚህ ተስማሙ። የውድድሩን ጎማዎች በፒክአፕ ወስደን እዚያው ሜዳ ላይ እንገጥማለን፤ ውድድሩ ሲያልቅ የመንገዱን ጎማ መልሰን ገጥመን ነው ሳሚ ተራራውን የሚያልፈው።

በዕለቱ ማለዳ ኦቦ የዘመድ ሞት ተነገራቸውና ወደ ገፈርሳ ለቅሶ ሄዱ፤ ቀብሩ ሲያበቃ እንደሚመጡ ነገሩኝ። የውድድሩን ጎማ ጠዋት ከመሄዳቸው በፊት ሜዳው ድረስ መጥተው በእጃቸው አጥብቀውት ነበር። እኔ ከክሪኩና ከተረፉት ጎማዎች ጋር ቀረሁ። ሳሚ ተራው ደርሶ ሲለቅ ከመንገዱ ዳር ቆሜ ነበር። የኋላ ጎማዎቹ አንዴ ተንቀጠቀጡ፣ መሬቱን ያዙ፣ ከዚያ ቀይዋ መኪና ከቦታዋ ጠፋች። ድምፁ ደረቴ ውስጥ ገብቶ ወጣ። ሜዳው እንደ ጨርቅ የተሳበ መሰለኝ። ሁሉን ሰው አሸነፈ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ የቀጥታ ነገር ገባኝ።

ልጆቹ ሳሚን ትከሻቸው ላይ አውጥተው ሲጨፍሩ እኔ መኪናዋን በክሪክ አንስቼ የመንገዱን ጎማዎች መለስኩ። ብሎኖቹን በእጄ አስገባሁ። ክሪኩን አወረድኩ። የቀረው የመጨረሻው ማጥበቅ ነበር። መፍቻውን ይዤ ቆምኩና ለኦቦ ደወልኩ። በእኔ በኩል ሞተር ይጮኻል፣ በእሳቸው በኩል ለቅሶ ይሰማል፤ መስመሩም ይቆራረጣል።

«ኦቦ፣ የመጨረሻውን ማን ያጥብቀው?» አልኩ።

«አንቺ ጠብቂ» ሲሉ ሰማሁ።

መምጣታቸው ነው ብዬ ጠበቅሁ። መፍቻውን ፒክአፑ ላይ አስቀምጬ የውድድሩን ጎማዎች እየጫንኩ ነበር። ሳሚ ከልጆቹ መሀል ወጥቶ ሮጠ፣ መኪናዋ ውስጥ ገባ፣ ሞተሩን አስነሳ። የተሸለመውን ዋንጫ ለአባቱ ሊያሳይ ነው። ቆይ ልለው ፈለግሁ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መጮህ ግን አልሆነልኝም። ድምፅ እምቢ ሲለኝ እጄን ወደ ላይ አንስቼ ከኋላው ሮጥኩ። ሳሚ በመስታወት አየኝ። የመሰነባበቻ መስሎት ክላክስ ነፋልኝ፣ እጁንም በመስኮት አውጥቶ አወዛወዘልኝ።

ተራራው ላይ፣ ሁለተኛው መታጠፊያ ጋ፣ የኋላ ግራ ጎማው ወለቀ። ያዩ ሰዎች ሲናገሩ መኪናዋ ወደ ባሕር ዛፉ ስትንሸራተት ጎማው ግን ብቻውን መታጠፊያውን በትክክል ዞሮ ቁልቁል ሄደ። ሌላ ሰው አልተጎዳም። የሳሚ ጭን ተሰበረ።

ፖሊስ ጠየቀን፣ ያልነውን ጻፈ። እኔ በማግስቱ ጋራዥ አልገባሁም። ሱሉልታ አንድ መኪና ማጠቢያ ላቫጆ ውስጥ ተቀጠርኩ። ጎማ የምነካው ጭቃውን ለማጠብ ብቻ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ሯጮች በአጠገባችን ያልፋሉ፤ እግራቸው መሬት ሲነካ ድምፅ የለውም። እኔም እንደዚያ ድምፅ የሌለኝ ሆኜ ብቀር እመርጥ ነበር።

ብዙ ወራት ካለፉ በኋላ ኦቦ ዋቅጅራ መጡ። መኪና ሊያሳጥቡ መስሎኝ ነበር። የውሃውን ቧንቧ ዘጉና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ በስልኩ ምን ብለሽ ነበር የጠየቅሽኝ?»

«ማን ያጥብቀው አልኩ።»

«እኔስ ምን አልኩሽ?»

«ጠብቂ አሉኝ።»

ከዚያ ቀስ ብለው፣ «እኔ እኮ አጥብቂ ነው ያልኩት። ዛሬ አንቺ ነሽ ጌታዋ ማለቴ ነበር» አሉ።

አጠገባቸው ነበርኩ። ሞተር የለም፣ ለቅሶ የለም፣ ውሃውም ተዘግቷል። ያን ቃል ደግመው ሲሉት አሁንም የመጀመሪያው ፊደል፣ «አ»፣ አልተሰማኝም። አፋቸው ውስጥ ቀርቷል። እሳቸውም ከፊቴ አነበቡት።

«የዋጥኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ቃሉ የእኔ ጥፋት ነው፤ ለሳሚም እንዲህ ብዬ ነግሬዋለሁ።»

«መጮህ ነበረብኝ፣ ኦቦ።»

«እሱ የራስሽ ነው። እሱን አልወስድልሽም።» ተነሡና ሱሪያቸውን አራገፉ። «ሰኞ ነይ።»

ሰኞ ሄድኩ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በዚያ ጋራዥ ሁለቱ ቃላት በአማርኛ አልተነገሩም። ለማጥበቅ «ጀቤሲ» ይባላል፤ ለመጠበቅ «ኤጊ»። ኦሮምኛ የማያውቅ ደንበኛ እንኳ በሳምንቱ ይለምደዋል። ኤጊ ሲሉኝ እቆማለሁ፣ ጀቤሲ ሲሉኝ አጠብቃለሁ። የመጨረሻውን ማጥበቅም ቀስ በቀስ ለእኔ ተዉልኝ።

ሳሚ የመጣው በምርኩዝ ነው። ቀይዋ መኪና ቀድማው ተጎትታ መጥታ ነበር፤ ኦቦና እኔ እግሯን እንደ አዲስ ሠርተንላታል። ከዕቃ ቤቱ መጋረጃ ጀርባ ቆሜ ስለነበር አላየኝም።

«ፍሬን የለችም?» አለ።

ወጣሁ። ይቅርታ ልለው ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ አንዱም አልመጣልኝም። እሱም አልጠበቀውም። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ በሕልሙ ሁልጊዜ እዚያ መታጠፊያ ላይ እንደሚደርስ፣ ዛፉም ወፉም እንደሚታየው፣ ግን አንድም ጊዜ አልፎት እንደማያውቅ ነገረን። ልክ ሊወጣ ሲል ይነቃል። አሁንም የሚወደው ቀጥታ ነው፤ ይህን ለኦቦ አስረግጦ ነገራቸው።

«ያንን መታጠፊያ ግን ሳልጨርሰው ነው የቀረሁት» አለ።

ኦቦ መፍቻውን ከግድግዳው አውርደው ሰጡኝ። «ጀቤሲ።»

አጠበቅሁ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ከአንዱ ወደ ተቃራኒው እየተሻገርኩ። ስጨርስ ሳሚ የጎኑን በር ከፈተልኝ።

«ያጠበቀ አብሮ ይቀመጣል።»

ገባሁ፤ ወደ ሱሉልታ መንገድ ጀመርን። ያን ጊዜ ሲወርድ ነበር፣ አሁን እየወጣን ነው፤ መታጠፊያው ግን ያው ነው። አንድ ባሕር ዛፍ ግንዱ ላይ ልጡ ተልጦ ነጭ ሆኖ ቆሟል። ሳሚ ቀጥ ባለው ላይ ፍሬን ያዘ። ለቀቀ። መሪውን አዞረ። ክብደቱ በእኔ በኩል ሲመጣ ተሰማኝ፤ መጣ፣ መጣ፣ ረጋ። እሱም እስኪረጋ ታገሠ። እግሩ ወረደ። ዛፎቹ ቀና አሉ፣ መታጠፊያውም ከኋላችን ሆነ። ሳሚ አልጮኸም። ትንፋሹን ብቻ ለቀቀ፤ ያ ትንፋሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይዞት የነበረ ይመስል ረጅም ነበር።

ተራራው አለቀና የሱሉልታ ሜዳ ተዘረጋ። ጭጋጉ እየተነሣ ነበር። የዚያ አሁንም ለመኪና ያልተከፈተ የውድድር መንገድ አፍ ላይ ስንደርስ መኪናዋን አቆመ። ቀጥ ያለው አስፋልት ከፊታችን ወጥቶ ብርሃን ውስጥ ይጠፋል። ማንም የለበትም። እጁ መሪው ላይ ነው።

«ልሂድ ወይስ እንመለስ?» አለኝ።

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው በሕይወቴ አልነበረም። አራቱንም ጎማዎች አንድ በአንድ አሰብኳቸው። «ሂድ» አልኩት። ሞተሩ ዋጠው፤ አልሰማኝም። ደረቴን ሞላሁና «ሂድ!» ብዬ ጮህኩ፤ በሜዳው ማዶ የሚሮጡት ሯጮች ሁሉ ዞር ብለው አዩኝ።